ገንዘባችንንና ንብረታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ፊደል ያልቆጠረ ሰው በወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ብቻ ነው። የሚያነብለት ሰው እውነተኛ ከሆነ ደግ ነው። እውነተኛ ካልሆነ ግን ባለጉዳዩ «አንድ ሺህ ብር ተበደርኩ» ብሎ የጣት አሻራውን ያኖራል፤ ወረቀቱ ግን «አሥር ሺህ» ይላል። «መሬቴን ለሁለት ዓመት አከራየሁ» ብሎ ያስባል፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ይላል። ነገሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚታየው ወረቀቱ ነው። ሰውየው «እንዲህ አላልኩም» ቢል ማን ይሰማዋል?

በወላይታ ይህ ነገር የቆየ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነበር። በቃል የተባለውን ነገር ደግሞ ጉልበት ያለው እንደፈለገው ይተረጉመዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በመጀመሪያ ከተካሄደባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። ያን ጊዜ ወላይትኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ይህን ነገር ያዙት፤ ኋላ ገበያ ስንደርስ ይጠቅመናል።

እናንተ አሁን ማንበብ ችላችኋል። ማንበብ ደብዳቤ ለማየትና መጽሐፍ ለመግለጥ ብቻ አይደለም። መሬታችሁን፣ ቤታችሁን፣ ከብታችሁንና ብራችሁንም ትጠብቁበታላችሁ። እንዴት? እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ስለ መሬትና ስለ ቤት

ወላይታ ሰው የበዛበት አገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። አንድ ጥማድ ወይም ሁለት ጥማድ ብቻ ያለው ጥቂት አይደለም። በዚያችው መሬት ላይ ቤቱ አለ። ከቤቱ አጠገብ እንሰቱና ቡናው አለ። ወረድ ሲሉ ቦይናው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው አለ። እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥማድ የሄደበት ቤተሰብ የሚጎዳው ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም። በቆሎ በአንድ ወቅት ይደርሳል፤ እንሰት ግን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የሄደ ጓሮ ቶሎ አይመለስም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ነገር ግን ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት፣ የተከለው ቋሚ ተክል የራሱ ነው። ይህን ሊሸጠው ወይም ሊያወርሰው ይችላል።

ታዲያ አንዳንድ ሰዎች በዚህ መሐል መንገድ ያገኙ ይመስላቸዋል። «ባሕር ዛፌን ሸጥኩ» ወይም «ጎጆዬን ሸጥኩ» የሚል ወረቀት ይጽፋሉ። በውስጡ ግን የተሸጠው መሬቱ ነው። ይህ ሽያጭ ለሁለቱም አይበጅም። ሻጩ መሬቱን ያጣል፣ ብሩም ቶሎ ያልቃል። ገዢውም ቢሆን ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት «መሬት ገዛሁ» ብሎ መከራከር አይችልም። በከተማ ዳር፣ በሶዶም ሆነ በቦዲቲ፣ ከገበሬ ላይ ቁራሽ ቦታ «ገዝተው» ቤት የሚሠሩ አሉ። ሰው ጨረቃ ቤት የሚለው ይኸው ነው። ፈቃድ ስለሌለው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት «አፍርሱ» ያለ ቀን ቆርቆሮውን ይዞ መሄድ ነው። ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ይወድቃል።

መሬትን ማከራየት ግን ይቻላል። በመጀመሪያ የኪራዩን ዘመን ልክ የሚወስነው ሕግ ስለሆነ ከመዋዋል በፊት የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ስንት ዓመት ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ እዚያው ማስመዝገብ ነው። በጎረቤት ቤት ማታ በኩራዝ የተጻፈ ውል ነገር ያመጣል።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን አሁን አውጡና አንብቡት። እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው ደብተሩን በሳጥን ቆልፎበት ይኖራል እንጂ ውስጡን አይቶት አያውቅም። የባልና የሚስት ስም ሁለቱም አለበት? ስሙ በትክክል ተጽፏል? ስፋቱ ስንት ነው? በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ትክክል ነው? ስሕተት ካለበት ነገር ሳይመጣ ዛሬውኑ ማስታረም ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዝገብ ብሎ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የሚስት ስም ጉዳይ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ባል ሲሞት የባል ወንድሞች «መሬቱ የአባታችን ነው» ብለው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ባልቴቲቱን ከነልጆቿ ቤቷ ውስጥ የሚያቆያት በደብተሩ ላይ ያለው ስሟ ነው። ስለዚህ ባል ሆይ፣ ደብተሩን ስታነብ የልጆችህን እናት አጠገብህ አስቀምጣት። እርስዋም ማንበብ ከቻለች እርስዋ ታንብበው።

ደብተሩን ለአራጣ አበዳሪ በመያዣ አትስጡ። በ2016ቱ አዋጅ ገበሬ በመሬት የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ተፈቅዷል። ይህ ግን ከሕጋዊ የገንዘብ ተቋም ነው፤ ከጎረቤት ነጋዴ አይደለም።

ስለ ብድርና ስለ አራጣ

ብድር ያልነካው ቤት የለም። በቆሎው ሳይደርስ እህል ያልቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ አበዳሪው በር ላይ ይቆማል። «ከመቶ አሥር ብር ብቻ በወር» ይላል። አሥር ብር ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው።

አንድ ሰው 1,000 ብር ተበደረ እንበል። በወር ከመቶው 10 ብር ከሆነ፣ ከአንድ ሺሁ በወር 100 ብር ወለድ ይከፍላል። ዓመቱ 12 ወር ነው። 100 ብር በ12 ሲባዛ 1,200 ብር ይሆናል። የተበደረው 1,000 ብር፣ የከፈለው ወለድ 1,200 ብር! ዋናው ዕዳ ደግሞ ገና አልተነካም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ግለሰቦች ሲበዳደሩ ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። ልብ በሉ፤ በወር አይደለም፣ በዓመት ነው። ከላይ ላየነው 1,000 ብር ሕጉ የሚፈቅደው የዓመት ወለድ ቢበዛ 120 ብር ነው። አራጣው የሕጉን አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ይኸው ሕግ ሌላም ነገር ይላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ቃል ብቻ አይረጋገጥም። ጽሑፍ ያስፈልጋል። ጽሑፍ ከሌለ የሚቀረው ባለዕዳው ዳኛ ፊት ማመኑ ወይም መሐላ ነው። ይህ አንቀጽ ለአበዳሪም ለተበዳሪም ይጠቅማል። ለወንድሙ ሁለት ሺህ ብር በእጁ የሰጠ ሰው «አራት ሰው አይቷል» ብሎ ቢመካ አይጠቅመውም። «ዘመድ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፦ ወረቀት የጠፋባቸው ዘመዳሞች ናቸው ሲጣሉ የሚታዩት፤ የተጻፈላቸውማ ምን ብለው ይጣላሉ?

ወለድ አገድ የሚባለውም አለ። ተበዳሪው ብር ይወስዳል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን ያርሳል። ብሩ እስኪመለስ ድረስ መሬቱ በአበዳሪው እጅ ይቆያል። ወላይታ በበልግም በመኸርም ይዘራል። እንግዲህ አበዳሪው በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያጭድ ነው። ባለመሬቱ ደግሞ መሬቱ ስለሌለው ብሩን የሚመልስበት ምርት የለውም። ስለዚህ ዓመት ዓመትን ይወልዳል። ቡናን ገና በአበባው ሳለ የሚሸጥም ከዚህ አይሻልም። በረሃብ ወር ትንሽ ብር ይቀበላል፤ ቡናው ሲቀላ ግን ሌላው ይለቅመዋል።

መበደር ግድ ከሆነ በመጀመሪያ ሕጋዊ ቦታ ጠይቁ። የገጠር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ባንክ አለ። በፊት ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ይባል የነበረው ተቋም ዛሬ ኦሞ ባንክ ሆኗል። እነዚህም ወለድ ያስከፍላሉ፤ በቡድን ዋስትና የሚያበድሩም አሉ። በቡድን ዋስትና ማለት ጓደኛህ ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ በቡድን ገብተው በሰው ዕዳ በሬያቸውን የሸጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከእነማን ጋር እንደምትሰለፉ አስቡበት።

ከመፈረም በፊት

አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንድ ወጣት ነጋዴ ውል ሊዋዋሉ ተቀምጠዋል እንበል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ቆይ ልጄ፣ ላንብበው።»

«ኧረ አባባ! ያው የተነጋገርነው ነው እኮ። እኔን አያምኑኝም እንዴ?»

«አንተንማ አምናለሁ። ወረቀቱን ግን ገና አላወቅሁትም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ ያነባሉ። ቀስ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም። ዳኛም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።

ምን ምን ያያሉ? የሁለቱንም ወገን ስም ከነአባት ስም ያያሉ። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ያያሉ። ከሁሉ በላይ ግን የብሩን ልክ ያያሉ። ብር በቁጥር ብቻ ከተጻፈ ችግር አለ። 1,500 ከሚለው ፊት አንድ ሰረዝ ቢጨመር 11,500 ይሆናል። 500 ከሚለው ኋላ አንድ ዜሮ ቢጨመር 5,000 ይሆናል። ስለዚህ ብሩ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ፦ «ብር 1,500፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር» ተብሎ። በፊደል የተጻፈውን መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ዓመቱም እንዲሁ በፊደል ይጻፍ።

በጽሑፉና በፊርማው መካከል ባዶ ቦታ አይኑር። ካለ ከዳር እስከ ዳር ይሰመርበት። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ መስጠትማ ቤትን ከነቁልፉ መስጠት ነው። ውሉ ሁለት ገጽ ከሆነ በሁለቱም ገጽ ላይ ይፈረም። ሕጉ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩት ያዝዛል። ምስክሮቹ ሁለቱም የአንድ ወገን ዘመዶች ባይሆኑ ይመረጣል። ውሉ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ እናንተ ውሰዱ። «እኔ ጋ ይቀመጣል፣ አይጠፋም» የሚል ሰው ካለ «ሁለት እንጻፍ» በሉት።

ማንበብ የማይችል ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚለው ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው የጣት አሻራ የሚያስገድደው በዳኛ ወይም ውል እንዲያዋውል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት ከተረጋገጠ ነው። በጓሮ የተወሰደ አሻራ ያን ያህል ኃይል የለውም። ቤት የሚሸጥ ወይም የሚገዛ ሰውም ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት ማስመዝገብ አለበት። ብሩን ከዚያ በፊት ቆጥሮ መስጠት ሞኝነት ነው።

ዕዳ ሲከፈልስ? ብሩን ስትሰጡ የብድሩን ወረቀት ተቀበሉ። ግማሹን ብቻ ከከፈላችሁ «ከዕዳው ላይ ይህን ያህል ተቀብያለሁ» የሚል ደረሰኝ አስጽፉ። የተከፈለ ዕዳ ወረቀቱ በአበዳሪው ሳጥን ውስጥ ከቀረ ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ይዘውት ይመጣሉ።

ከብትም ወረቀት ይፈልጋል። ወላይታ ውስጥ ከብትን በኮታ መያዝ የአባቶች ልማድ ነው። ሁለት ሰው በአንዲት ላም ላይ ድርሻ ይኖራቸዋል፤ አንደኛው ቤት ታድራለች። ልማዱ ጥሩ ነው፣ ድሃን ከብት ያለው ያደርጋል። ችግር የሚመጣው ላሟ ስትወልድ ወይም ስትሞት ነው። ጥጃው የማን ነው? ወተቱስ? ፍጉ ለማን እንሰት ይሄዳል? ገደል ብትገባ ኪሳራው የማን ነው? ከአንድ የደብተር ገጽ አይበልጥም፤ ላሟ በተገዛች ዕለት ጻፉት። ገበያ ከብት ስትገዙም ሻጩን የሚያውቅ ዋስ ጠይቁ፣ የገበያውን ደረሰኝ ያዙ። የሰረቀ ሰው ዋጋ አይከራከርም። የቦዲቲን የከብት ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ በጣም የረከሰ በሬ ካያችሁ «ለምን ረከሰ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገበያ ስንሄድ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥሩ 813 ነው። ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው፤ ቤት ያለው ሁሉ ሸማች ነው። አዋጁ ለሸማች ብዙ መብት ይሰጣል። ዕቃውን አይቶና ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መሄድ ይችላል። ስላየና ስለተከራከረ ብቻ «ካልገዛህ» ተብሎ አይገደድም፣ አይሰደብም። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት አለበት። ዕቃው ብልሽት ያለበት ሆኖ ከተገኘ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ «ለውጥልኝ ወይም ብሬን መልስልኝ» ማለት እንዲችል አዋጁ ደንግጓል። ግን ደረሰኝ ከሌለ ከዚህ ሱቅ መግዛታችሁን በምን ታስረዳላችሁ? ሶዶ ሄዳችሁ ቆርቆሮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የፀሐይ መብራት ስትገዙ ደረሰኙን ተቀብላችሁ በላዩ ላይ ያለውን አንብቡ። የሱቁ ስም፣ የዕቃው ስም፣ ዋጋውና ቀኑ ካለበት ደህና ነው።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት አንድ ነገር እንነጋገር። በዱቄት ወተት፣ በዘይት፣ በመድኃኒት፣ በፀረ ተባይና በከብት መድኃኒት ላይ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ዘመን ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ምን ይሆናል? ጊዜው ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው እንበል። ሰውየው የከብት መድኃኒት ገዛ። በጠርሙሱ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ 03/2024 ይላል። ሰውየው «ኧረ ገና ሰባት ዓመት አለው!» ብሎ ደስ ይለዋል። መድኃኒቱ ግን ያለፈበት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሆኖታል። ላሟ አትድንም፣ ብሩም ጠፋ።

እንዴት ይቆጠራል? የፈረንጅ ወር በቁጥር ይጻፋል። 1 ሲል ጥር አካባቢ፣ 2 የካቲት፣ 3 መጋቢት፣ 4 ሚያዝያ፣ 5 ግንቦት፣ 6 ሰኔ፣ 7 ሐምሌ፣ 8 ነሐሴ ነው። 9 መስከረም፣ 10 ጥቅምት፣ 11 ኅዳር፣ 12 ታኅሣሥ ነው። በጥቂት ቀን ይዛነፋል እንጂ ለገበያ ይበቃል። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። ወሩ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። 05/2025 ቢል፣ ከ2025 ላይ 8 ሲቀነስ 2017፤ ስለዚህ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። 11/2024 ቢል፣ ከ2024 ላይ 7 ሲቀነስ 2017፤ ስለዚህ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ እያነሣችሁ ተለማመዱበት።

በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ቀድም ያልነው የሚጠቅመው። ልጆቻችሁ ወላይትኛን በላቲን ፊደል ስለሚማሩ ፊደሎቹን ያውቋቸዋል። ልጁን ገበያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቱ ቀን የተሠራበት፣ የቱ ቀን የሚያበቃበት እንደሆነ ያሳያችሁ።

ሚዛን ላይም ዓይን ያስፈልጋል። ዕቃው ሳይቀመጥ ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። ቡና ወይም ዝንጅብል ስትሸጡ ጆንያውን ቤታችሁ በምታውቁት ሚዛን መዝናችሁ ብትመጡ ጥሩ ነው። ምርጥ የበቆሎ ዘር ስትገዙ ከረጢቱ በፋብሪካ የተሰፋ መሆኑን፣ መለያ ወረቀቱ በውስጡ ወይም በላዩ መኖሩን ተመልከቱ። ድቅል የበቆሎ ዘር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ12 ኪሎ ተኩል ከረጢት ነው፤ ይህም ለግማሽ ሄክታር የሚሆን ነው። በጣሳ እየተሰፈረ «ምርጥ ዘር ነው» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ያው የጎረቤት በቆሎ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ከወራት በኋላ ማሳው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ የት ይገኛል?

ስለ ጥሬ ብር

በሣር ቤት ክዳን ውስጥ የተሸጎጠ ብር እሳት ይበላዋል። የተቀበረ ብር ምስጥ ይበላዋል። ሌላም አለ። በ1969 ዓ.ም. የብር ኖት ተለውጦ ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለወጡ፤ አዲስ የ200 ብር ኖትም ወጣ። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በማሰሮ ውስጥ ተቀብሮ የቀረው አሮጌ ብር ወረቀት ብቻ ሆነ።

ወላይታ መቆጠብን ከጥንት ያውቃል። ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማሉ። ያው ልማድ ለቆርቆሮና ለጊደርም ይሠራል። ማኅበሩ ግን መዝገብ ይኑረው። ማን ስንት እንዳገባ ይጻፍ፣ በየወሩ በሁሉም ፊት ይነበብ፣ ብሩ በሦስት ሰው ፊርማ ባንክ ይቀመጥ። ባንክ ያለ ብር ደግሞ ሌላ ዋስትና አለው። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋቁሟል። ባንኩ ወይም ማይክሮ ፋይናንሱ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ሁሉንም ገንዘብ በባንክ ማስቀመጥ ግን ጥሩ አይመስለኝም፤ የዕቃ ዋጋ ሲወጣ ብር ይቀንሳልና ከፊሉ ጊደር ቢሆን ይሻላል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር መጥቷል፤ ብር በስልክ ይላካል። ሌባውም አብሮ ስልክ ይዟል። ይደውልና «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። ወይም «በስሕተት 3,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል። መልእክትም ይልካል፤ መልእክቱ ግን ከቴሌብር የመጣ ሳይሆን እርሱ ራሱ የጻፈው ነው። የመጣበትን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ብር ካልጨመረ የምትመልሱት ነገር የለም። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን።

«500 ብር አስገባ፣ አምስት ሰው አምጣ፣ ትበለጽጋለህ» የሚልም ይመጣል። አስሉት። አንዱ 5 ሰው ያመጣል። እነዚያ 5 ሰዎች 25 ያመጣሉ። ቀጥሎ 125፣ ቀጥሎ 625፣ ቀጥሎ 3,125፣ ስድስተኛው ዙር ላይ 15,625 ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? ቀድመው የገቡት ጥቂቶች ያገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ብዙዎች ይከስራሉ። የ2006ቱ አዋጅ ይህን ዓይነት ሽያጭ ከልክሏል። የሚያመጣላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምታምኑት ዘመድ ነው፤ እርሱም ተታሎ ነው።

በደል ቢደርስባችሁ የት ትሄዳላችሁ? የዕቃ ጉዳይ ከሆነ የወረዳው ወይም የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። የመሬት ከሆነ በመጀመሪያ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወረዳው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። የስልክ ሌባ ከሆነ ለፖሊስና ለድርጅቱ ቶሎ፣ በዚያው ቀን፣ ማስታወቅ ነው። አቤቱታውን በራሳችሁ እጅ ጻፉት። ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁን፣ ነገሩ የሆነበትን ቀን፣ የተወሰደባችሁን ብር ልክና የምትጠይቁትን ነገር ይዞ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ደረሰኙን ወይም ውሉን ፎቶ ኮፒ አስነሥታችሁ ቅጂውን አያይዙ። ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ። አቤቱታውን የተቀበለው ሠራተኛም በእናንተ ቅጂ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ።